ከሐኪሙ ቀጥሎ እጅ፦ ፈረስንና ውሻን በማሸት ያየሁት

ይህን የምጽፈው ውሻው ከቀዶ ሕክምና ወጥቶ ቤት ሲገባ ምን ላድርግለት ብሎ ለሚጨነቅ ሰው፣ እንዲሁም ፈረሱ እንደ ወትሮው አልራመድ ብሎት ግራ ለገባው ሰው ነው። ሁለቱንም አልፌባቸዋለሁ። ያደግሁት እንጅባራ ውስጥ ፈረስ በማይታጣበት ግቢ ነው፤ ኑሮዬ ወደ ቨርጂኒያ ከዞረ በኋላም እንጀራዬ ከፈረስ አልተለየም። በላውደን አውራጃ በሚገኝ የፈረስ ማሠልጠኛ ጋጣ በመጥረግ ጀምሬ፣ ዛሬ ከልምምድና ከውድድር የሚመለሱ ፈረሶችን እየተንከባከብሁ እሠራለሁ። በእነዚህ ዓመታት ስለ ማሸት ብዙ ተስፋም ብዙ ማታለያም ሰምቻለሁ። በእጄ ያረጋገጥሁት ግን ይህ ነው፤ ማሸት እንስሳውን በእውነት ይረዳዋል፣ ተራው ግን ከሐኪም ምርመራ ቀጥሎ ነው፤ ትልቁ ጥቅሙም የጠነከረ ጡንቻን ከማፍታታቱ ይልቅ እጃችን ሕመሙን ገና ሳይብስ እንዲያገኘው ማስለመዱ ነው።

ይህን የተረዳሁት በአንዲት ዳማ ባዝራ ምክንያት ነው። ዝናብ በመደጋገሙ ባዝራዋ ለጥቂት ቀናት ከጋጣዋ ሳትወጣ ቆየች፤ እህሏ ግን አልተቀነሰም ነበር። ዝናቡ ባባራ ጠዋት ለልምምድ ወጥታ ሶምሶማ እንደ ጀመረች ላብ አጠመቃት፣ እርምጃዋ አጠረ፣ ወዲያውም አልንቀሳቀስ ብላ ቆመች። ታፋዋን ስነካው ጣውላ ሆኗል። በዚያ ሰዓት ሌላ ፈረስ ለማሸት የመጣች ባለሙያ በግቢው ነበረችና፣ ተራ የጡንቻ መኮማተር መስሏት በክርኗ ትጫናት ጀመር። ባዝራዋ ጆሮዎቿን ወደ ኋላ ለጠፈች፣ ጅራቷን አወናጨፈች፤ መሸሽ ስላልቻለች ግን ባለችበት ተንቀጠቀጠች። የማሠልጠኛው አንጋፋ ሠራተኛ ሴትዮዋን አስቁሞ ለሐኪም ደወለ፤ የሐኪሙም የመጀመሪያ ትእዛዝ አንድ እርምጃ እንኳ እንዳናስኬዳት፣ ውኃ እንድናቀርብላትና ብርድ ልብስ እንድናለብሳት ነበር።

ሐኪሙ በደረሰ ጊዜ ሽንቷ የቡና ቀለም ይዞ ነበር። ፈረሰኞች «ታይንግ አፕ» የሚሉት ሕመም መሆኑን ያን ቀን ነው የሰማሁት። የጡንቻው ሕዋሳት ሲፈራርሱ በውስጣቸው ያለው ቀይ ፕሮቲን ወደ ደም ይገባል፣ ከደምም ወደ ኩላሊት ይደርሳል፤ ሽንቱን የሚያጠቁረው እርሱ ነው፣ ሲበዛም ኩላሊትን ይጎዳል። ብዙ እህል እየበላ የሰነበተ ፈረስ ድንገት ወደ ሥራ ሲመለስ መከሰቱ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። እንዲህ ያለውን ጡንቻ በኃይል መጫን የፈረሰውን ማፍረስ ይሆናል። ባዝራዋ በደም ሥሯ ፈሳሽ ተሰጥቷት፣ የሕመም ማስታገሻ ወስዳ፣ በጋጣዋ ዐርፋ ዳነች፤ ለማሸት የተፈቀደልን ግን በደሟ ውስጥ ያለው የጡንቻ ጉዳት መለኪያ ወደ ጤናማው ልክ ከወረደ በኋላ ነው።

ከዚያ ወዲህ የትኛውንም ፈረስ ከመንካቴ በፊት እለካለሁ። ዐርፎ የቆመ ጤነኛ ትልቅ ፈረስ የልብ ምቱ በደቂቃ ከ28 እስከ 44፣ ትንፋሹ ከ8 እስከ 16፣ የሰውነቱ ሙቀት ከ37.5 እስከ 38.5 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። የልብ ምቱን ከመንጋጋው ሥር በሚያልፈው የደም ሥር ላይ ጣትን በማሳረፍ መቁጠር ይቻላል። የውሻ ሙቀት ትንሽ ከፍ ይላል፤ ከ38.3 እስከ 39.2 ይደርሳል፤ የልብ ምቱም በጭኑ ውስጠኛ ክፍል በቀላሉ ይገኛል። እነዚህን ቁጥሮች የሚበልጥ ነገር ካያችሁ፣ በተለይም ትኩሳት ካለ፣ ያ ቀን የማሸት ቀን አይደለም። ክፍት ቁስል፣ መግል፣ ገና ያልታወቀ እባጭ፣ ዕጢ፣ ድንገት የመጣ ማነከስ፣ የተሰበረ ወይም የተጠረጠረ አጥንት ባለበትም እንዲሁ ነው። እኛ አበሾች የተወለቀ ወይም የተሰበረ ነገር ሲያጋጥመን ወደ ወጌሻ መሮጥ ልማዳችን ነው፤ ፈረስና ውሻ ግን የት እንደሚያማቸው አይናገሩምና ለእነርሱ ምርመራው ይቅደም።

ስለ ማሸት በሥርዓት ያስተማረችኝ፣ ይህን ሥራ ለረጅም ዘመን የሠራች አንዲት አሮጊት ነች። ሙያው በአሜሪካ የተስፋፋው ጃክ ሜገር የተባለ ባለሙያ የሰው ስፖርተኞችን የሚያሽበትን ዘዴ ወደ ፈረስ ካመጣና እ.ኤ.አ. በ1976 ለሞንትሪያል ኦሊምፒክ ከአሜሪካ የፈረስ ቡድን ጋር ከሠራ በኋላ እንደሆነ ያጫወተችኝ እርሷ ናት። ለረጅም ጊዜ ግን አንድም ነገር እንድጫን አልፈቀደችልኝም። የመዳፌን ሙሉ ገጽ ከአንገት ጀምሬ በትከሻ፣ በጀርባ፣ በታፋ እያሳለፍሁ፣ ግራውን ከቀኙ እያስተያየሁ፣ የሞቀ፣ ያበጠ፣ የደነደነ ወይም ሲነካ የሚርገበገብ ቦታ ካለ በማስታወሻ እንድጽፍ ብቻ ታዘኝ ነበር። ያን ጊዜ ትዕግሥቴ አልቆ ነበር፤ ዛሬ ግን ከሁሉ የበለጠ ያስተማረችኝ ይህን እንደሆነ አምናለሁ። በየቀኑ የሚነካ ፈረስ ትናንት ያልነበረበትን ነገር ዛሬ ሲያመጣ እጅ ወዲያው ያውቀዋል።

የአካሉን አሠራር ማወቅም የእጅን ሥራ ይለውጣል። ፈረስም ውሻም እንደ ሰው ያለ የአንገት አጥንት ስለሌላቸው የፊት እግሮቻቸው ከገላቸው ጋር የተያያዙት በጡንቻና በጅማት ብቻ ነው፤ ቆመውም ከክብደታቸው 60 በመቶ ያህሉን የሚሸከሙት የፊት እግሮቹ ናቸው። ስለዚህ የኋላ እግሩን ያመመው እንስሳ ክብደቱን ወደ ፊት እያዞረ ትከሻውንና የአንገቱን ሥር ያደክማል፤ የምናሸውም ብዙውን ጊዜ የታመመውን እግር ሳይሆን ለእርሱ ሲል የደከመውን ቦታ ነው። ከፊት ጉልበቱ በታች የፈረስ እግር ጅማትና አጥንት እንጂ የሚታሽ ሥጋ የለውም፤ እዚያ ሙቀት ወይም እብጠት ከተገኘ ቀዝቃዛ ውኃና ሐኪም እንጂ እሽታ አያስፈልግም።

ፈረሶች እርስ በርሳቸው ጋማው የሚያበቃበትን የትከሻ ጉብታ በጥርሳቸው ሲተካከኩ አይታችሁ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1993 በደቡብ ፈረንሳይ በካማርግ ፈረሶች ላይ የወጣ ጥናት፣ ሰው ይህንኑ ቦታ እያከከላቸው የልብ ምታቸው እንደሚቀንስ፣ ሌላ ቦታ ሲታከኩ ግን እንደማይቀንስ አሳይቷል። እኔም ማንኛውንም ፈረስ የምጀምረው ከዚያ ነው። ፈረሱ አንገቱን ዝቅ ካደረገ፣ ከንፈሩን ካላላ፣ ካላመጠ ወይም ካዛጋ እየተመቸው ነው፤ ጆሮውን ከለጠፈ፣ ጀርባውን ካጎበጠ፣ ወደ እጃችሁ ዞሮ ከተመለከተ ግፊቱን ቀንሱ ወይም አቁሙ። ውሻ ደግሞ ከንፈሩን ደጋግሞ ከላሰ፣ ፊቱን ካዞረ፣ ትንፋሹን ከያዘ በቃኝ ማለቱ ነው። የፈረሱ ማላመጥ ደስታ ሲሆን የውሻው ከንፈር መላስ ጭንቀት መሆኑን ብዙ ሰው አያውቅም፤ እባካችሁ አትቀላቅሏቸው።

ሥራው ራሱ የሚመስለውን ያህል አይከብድም። መጀመሪያ በመዳፍ ረጅምና ቀላል አዳሰስ ሰውነቱን ማሞቅ፣ ቀጥሎ ወፍራሙን ጡንቻ በመዳፍ ሥር እየተጫኑ ቀስ ብሎ መልቀቅ ወይም በእጅ ሙሉ ይዞ ማፍተልተል፣ በመጨረሻም ወደ ቀላሉ አዳሰስ መመለስ ነው። ከእግር ተነስቶ ወደ ልብ አቅጣጫ መሄድ የታቆረ ፈሳሽ እንዲመለስ ያግዛል። በአከርካሪ አጥንቱ ላይ በቀጥታ መጫን አይገባም፤ እጅ ከአጥንቱ ግራና ቀኝ ባለው ሥጋ ላይ ይሂድ። ከፈረስ ኋላ በፍጹም አትቁሙ፤ ከጎኑ ሆናችሁ አንድ እጃችሁን ሁልጊዜ በገላው ላይ አሳርፉ፣ አንድ ሰውም ጭንቅላቱን ይያዝላችሁ። ማሸት መርዝ ያስወጣል፣ በጡንቻ የተከማቸ አሲድ ያጥባል የሚሉትን አትመኑ፤ በሩጫ ጊዜ የሚፈጠረውን ላክቴት ሰውነቱ በራሱ ጊዜ፣ አብዛኛውን ጊዜ በአንድ ሰዓት ገደማ ያስወግደዋል። በእጄ ያየሁት ጥቅም መረጋጋት፣ የጠነከረ ጡንቻ መላላትና የእርምጃ መፍታታት ነው፤ ይህም ለእኔ በቂ ነው።

እነዚህን ሁሉ ለራሴ እንስሳ የምፈልጋቸው ጊዜ የመጣው ቦቢ ማነከስ በጀመረ ጊዜ ነው። ቦቢ ላብራዶር ክልስ ውሻ ነው። አንድ ቀን ከሣር ላይ ሲዞር ድንገት ጮኸና የኋላ ግራ እግሩን ሰቅሎ ቀረ። ወዳጆቼ የመሰላቸውን መከሩኝ፤ አንዱ ጉልበቱን በቅባት እሸው፣ ሌላው ለራሴ ከምወስደው አይቡፕሮፌን ግማሽ ስጠው አለኝ። ይህን በትልቁ መናገር እፈልጋለሁ፤ ለሰው የሚታዘዙ አይቡፕሮፌንና ናፕሮክሰን የውሻን ጨጓራ ያቆስላሉ፣ ኩላሊቱን ይጎዳሉ፣ ፓራሲታሞልም ጉበቱንና ደሙን ይመርዛል፤ ለድመት ደግሞ አንድ ፍሬ እንኳ ገዳይ ሊሆን ይችላል። ለውሻ ተብሎ የተሠራ የሕመም ማስታገሻ አለ፣ የሚያዘውም ሐኪሙ ነው።

ሐኪሟ ጉልበቱን በእጇ ይዛ የቅልጥሙን አናት ወደ ፊት ስትስበው መንሸራተቱን አሳየችኝ፤ በራጅም ካየች በኋላ በጉልበት ውስጥ ያለው ፊተኛው መስቀለኛ ጅማት መበጠሱን ነገረችኝ። በትልልቅ ውሾች ዘንድ ይህ ጉዳት የተለመደ ነው፤ አንዱ ጉልበት ከተበጠሰባቸው ግማሽ ያህሉ ውሎ አድሮ ሁለተኛውም ይበጠስባቸዋል። የተመረጠለት ሕክምና የቅልጥሙን አናት ቆርጦና አዙሮ በብረት ሰሌዳና በብሎን የሚያስር ቀዶ ሕክምና ነበር። ዋጋው በአሜሪካ ብዙ ሺህ ዶላር ይደርሳል፤ ውሻ የምታሳድጉ ካላችሁ የእንስሳ መድን የሚገባው ውሻው ጤነኛ ሳለ ነው፣ ከማነከሱ በኋላ የሚገዛው መድን ይህን አይከፍልም።

ከቀዶ ሕክምናው በኋላ በነበሩት የመጀመሪያ ሦስት ቀናት ያደረግሁት በጨርቅ የተጠቀለለ በረዶ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በጉልበቱ ዙሪያ መያዝ ብቻ ነው። ወደ ስፌቱ እጄን አላስጠጋሁም። ያሸሁት አንገቱን፣ ትከሻዎቹን፣ የወገቡን ግራና ቀኝና ጤነኛውን የኋላ እግር ነበር፤ በሦስት እግር መቆሙ እነዚህን ሁሉ አድክሟቸው ነበርና። በምሽት ጥቂት ደቂቃ ስዳስሰው ትንፋሹ ይረዝማል፣ ከዚያም ይተኛል። እንቅልፍ ለማገገም ምን ያህል እንደሚያስፈልግ የታመመ ሰው ያስታመመ ሁሉ ያውቀዋል።

ሐኪሟ ከፈቀደች በኋላ እግሩን በእርጋታ ማጠፍና መዘርጋት ጀመርሁ። ውሻው በጎኑ ተኝቶ፣ እግሩ በሁለት እጅ ተደግፎ፣ ሕመም እስከማይሰማው ድረስ ብቻ፣ በአንድ ጊዜ ከ10 እስከ 15 ዙር፣ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይደረጋል። ከዚያ በፊት የጭኑን ሥጋ በሞቀ ጨርቅ ማሞቅና ማሸት እንቅስቃሴውን ያቀልለታል። የልብስ ሰፊ ሜትር ገዝቼ የሁለቱን ጭኖች ዙሪያ በየሳምንቱ በአንድ ቦታ ላይ እለካ ነበር፤ የታመመው ጭን ሥጋው ሲመለስ በቁጥር ማየት በጨለመብኝ ጊዜ አበርትቶኛል፣ ለሐኪሟም ጠቃሚ መረጃ ሆኗታል።

ለውጥ ያመጣው ቀን ግን ሌላ ነው። ስፌቱ ተፈትቶ፣ ቦቢም እግሩን መሬት ማስነካት ጀምሮ ነበር። እንደ ልማዴ በጀርባው በኩል መዳፌን ሳሳልፍ ቆየሁና፣ ከጠባሳው ራቅ ብሎ በቅልጥሙ ውስጠኛ ክፍል ላይ ከትናንቱ የሞቀ ቦታ አገኘሁ። በዓይን የሚታይ ነገር አልነበረም፤ ይበላል፣ ይራመዳል፣ ጅራቱን ይቆላል። በማግሥቱ ለሐኪሟ አሳየሁት፤ ብረቱ በታሰረበት አካባቢ የሚጀምር ኢንፌክሽን ሆኖ ተገኘና አንቲባዮቲክ ታዘዘለት። ሳይታወቅ ቢቆይ ኖሮ ወደ አጥንቱ ሊዘልቅና ብረቱን እስከማስወጣት ሊያደርስ ይችል እንደነበር ነገረችኝ። ያን ምሽት ብዙ አለቀስሁ፤ አሮጊቷ መምህሬ ያን ሁሉ ጊዜ አንድም ነገር ሳልጫን እንድዳስስ ያስገደደችኝ ለዚህ ነበር።

ከስድስተኛው ሳምንት በኋላ ያለው ጊዜ ከሁሉ የሚያስቸግር ነው፤ ውሻው የዳነ ይመስለዋል፣ አጥንቱ ግን ገና አልገጠመም። አብዛኛውን ጊዜ በስምንተኛው ሳምንት ገደማ በራጅ እስኪረጋገጥ ድረስ በማሰሪያ እንጂ በነጻ አይለቀቅም፤ ደረጃ መውጣት፣ ሶፋ ላይ መዝለል፣ ከሌላ ውሻ ጋር መጫወት ሁሉ ይቆያል። የሚያንሸራትት ወለል ላይ ምንጣፍ አንጥፉ። ክብደቱንም ተመልከቱ። በ48 ላብራዶሮች ላይ በተደረገና እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት፣ ከጓደኞቻቸው 25 በመቶ ያነሰ የበሉት ውሾች አማካይ ዕድሜ 13 ዓመት ሲሆን የሌሎቹ 11.2 ነበር፤ የመገጣጠሚያ ሕመማቸውም ዘግይቶ ነው የመጣው። ከማዕድ ቁራሽ ሥጋ መወርወር ፍቅር መግለጫችን እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለተቆረጠ ጉልበት ግን ሸክም ነው። እኛ ቤት እንግዳ ሲመጣ ቦቢን ወደ ሌላ ክፍል ማስገባት ግድ ሆኖብን ነበር።

ባለሙያ መቅጠር ለምትፈልጉ፦ በአሜሪካ ሕጉ ከክፍለ ግዛት ክፍለ ግዛት ይለያያል፤ በአንዳንዱ ያለ እንስሳት ሐኪም ፈቃድ ወይም ቁጥጥር ማሸት አይቻልም። የትም ብትሆኑ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ የባለሙያው ይሁን፤ ሐኪማችሁ ምን አለ፣ ራጁ ምን ያሳያል፣ ምን መድኃኒት ይወስዳል ብሎ ሳይጠይቅ እጁን የሚያሳርፍ ሰው አትቅጠሩ። አጥንት ወደ ቦታው እመልሳለሁ የሚለውንም እንዲሁ።

በዚህ መካከል እንጅባራ ያለው ታላቅ ወንድሜ ደወለልኝ። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የሚከበረውና በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በዓል አልፎ፣ ጉግስ የተጫወተበት ፈረሱ ኮርቻ ሲጫንበት መንከስ ጀምሮ ነበር። «አንተ ፈረንጅ አገር ፈረስ ታሻለህ አሉ፤ እንዴት እንደሚደረግ ንገረኝ» አለኝ። እኔም ከማሸቱ በፊት ኮርቻውን አውርዶ ጀርባውን በስልክ እንዲያሳየኝ ለመንሁት። ከትከሻው ጉብታ ኋላ በሁለቱም በኩል ነጭ ፀጉር በቅሎ ነበር፤ ይህ ኮርቻው ለረጅም ጊዜ እየተጫነው እንደነበር የሚያሳይ ምልክት ነው። በዚያ ላይ መዳፉን ሲያሳርፍ ፈረሱ ጀርባውን አሰመጠ። የወረዳው የእንስሳት ጤና ባለሙያ መጥቶ ቁስል አለመኖሩንና ጡንቻው መቆጣቱን አረጋገጠ።

ከዚህ በኋላ መድኃኒቱ ዕረፍትና ኮርቻውን ማስተካከል ሆነ። ወንድሜ የኮርቻው እንጨት በአከርካሪው ላይ እንዳያርፍ ከሥሩ ያለውን መደላድል በግራና በቀኝ ወፍራም አድርጎ እንደገና አሠራው። ጀርባው ሲነካ መርገብገብ ካቆመ በኋላ ብቻ፣ ከድርቆሽ የተጎነጎነ ጥቅልል ይዞ በአንገቱ፣ በትከሻውና በታፋው ወፍራም ሥጋ ላይ በየማታው ማሸት ጀመረ። በቀጣዩ ጥር ፈረሱን ለጉግስ አላወጣውም፤ በሰልፉ ላይ ብቻ ጋልቦት ተመለሰ። ከመቆሙ በፊት ትንፋሹ እስኪረጋጋ በእግር አዘዋወረው፣ ኮርቻውን አውርዶ ከላቡ ሥር ደረቅ ሆኖ የቀረ ቦታ መኖሩን አየ፤ ላብ ያልነካው ደረቅ ቦታ ኮርቻው አጥብቆ የተጫነበት ነውና። በዚያ ቀን አንድም አላገኘም።